የሥራ ሰዎቻችሁን የት ታስቀምጣላችሁ? ሊንክዲን፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና የስልክ ማውጫ ሲነጻጸሩ

ባለፈው ግንቦት አንድ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ሰውየው የትም አልሄደም፤ የሥራ ሰዎች የሚገናኙበት ሊንክዲን ላይ ከእኔ ጋር አለ። እኔ ነኝ ስሙን የረሳሁት።

ሥራዬ የቢራ ገብስ ነው። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ገበሬውን ከገዢ፣ ገዢውን ከመኪና፣ መኪናውን ከመጋዘን አገናኛለሁ። ይህን ሰው ያገኘሁት ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ እዚሁ ከተማ አንድ ሥልጠና ላይ ነበር። የዘር ማበጠሪያ ማሽን ያከራያል። በሻይ ሰዓት ቆመን አወራን። ስልኬን አውጥቼ ሊንክዲን ላይ ሪኩዌስት ላክሁለት፤ እዚያው ተቀበለኝ። ስልክ ቁጥሩን እንኳ አልጠየቅሁትም። ግንቦት ደርሶ ዘር መበጠር ሲኖርበት ስሙ ኃይሉ ይሁን ኃይሌ ጠፋኝ። ሁለቱንም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩ። መሃሉን በ«አይ» ሞከርኩ፣ በ«ዋይ» ሞከርኩ፣ መጨረሻው ላይ «ኢ» ጨመርኩ። ኃይሉ በሽበሽ ነው፤ የእኔ ሰው ግን የለም።

እንዴት እንዳገኘሁት እታች እነግራችኋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቁጭ ብዬ ሁሉንም አማራጭ አንድ በአንድ ፈተሽኩ። እኔን የገጠመኝ ብዙ ሰው እንደሚገጥመው አውቃለሁና ያየሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ሰው ስለ ሊንክዲን ወይም ስለ ቴሌግራም ሲጠየቅ የለመደውን ያወድሳል። እኔ ግን ከመተግበሪያው በፊት ጥያቄዎቹን አስቀመጥኩ። አምስት ናቸው።

አንደኛ፣ የምፈልገው ሰው እዚያ አለ ወይ? የፋብሪካ ባለሙያው ሊንክዲን ላይ ይኖር ይሆናል። መሐል ሜዳ ያለው የማኅበር ሊቀመንበር ግን የሚይዘው ባለቁልፍ ስልክ ነው።

ሁለተኛ፣ ስሙን ብረሳው አገኘዋለሁ ወይ? ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ሰውን የምናስታውሰው በሥራው፣ በሰፈሩ፣ ባገናኘን ሰው ነው። «ያ ሸዋ ሮቢት ያገኘሁት፣ ማሾ የሚገዛው» ብዬ ፈልጌ ላገኘው ይገባል።

ሦስተኛ፣ ስልኬ ቢጠፋ ወይም አካውንቴ ቢዘጋ ዝርዝሩ ይቀርልኛል ወይ?

አራተኛ፣ ኔት ሲቆም ይከፈታል ወይ? በ2016 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የምናስታውስ ሰዎች ይህን ጥያቄ እንደ ትርፍ አናየውም።

አምስተኛ፣ ዋጋው ስንት ነው? ዋጋ ስል ክፍያውን ብቻ አይደለም። የኔት ፓኬጁም አለ፤ ዝርዝሬን ሌላ ሰው ማየት መቻሉም አለ።

ስለ ስማችን አንድ ነገር

ወደ አማራጮቹ ከመግባቴ በፊት ይህን ልበል፤ አራቱንም ይነካልና። እነዚህ መተግበሪያዎች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። ሊንክዲን ዝርዝራችሁን «በመጨረሻ ስም» ላስተካክል ሲላችሁ የሚደረድርላችሁ በአባት ስም ነው። እኛ ደግሞ ሰውን በአባቱ ስም አንፈልግም። ስለዚህ ያንን እርሱትና በመጀመሪያ ስም ወይም በቅርብ በተገናኛችሁት አስደርድሩ።

የፊደሉ ነገር ደግሞ ይብሳል። በእኛው ፊደል እንኳ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ ይጻፋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለስልኩ ግን አራት ስም ነው። ፀጋዬና ጸጋዬም እንዲሁ። የእኔ መፍትሔ ቀላል ነው፦ በራሴ ማውጫ ውስጥ ሁሌ ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ ብቻ እጽፋለሁ። ሰውየው ስሙን በየትኛው እንደሚጽፍ ለደብዳቤ ስፈልገው ብቻ እጠይቃለሁ።

ሌላው «ጋሽ» ነው። ታላላቆቻችንን በስማቸው ብቻ ማስቀመጥ ይከብደናል። እኔም ይከብደኛል። ነገር ግን «ጋሽ» ብላችሁ የጀመራችሁት ሁሉ ጋ ሥር ይሰለፋል። «ኢንጂነር» እና «ዶ/ር»ም እንደዚያው። ማዕረጉን ከስሙ በኋላ አድርጉት። ስትደውሉ በአፋችሁ ታስቀድሙታላችሁ።

ሊንክዲን

ሊንክዲን የተጀመረው በ2003 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከ2016 ጀምሮ የማይክሮሶፍት ነው። ጥሩ ጎኑ አንድ ነው፣ ግን ትልቅ ነው፦ ሰውየው መረጃውን ራሱ ያድሰዋል። መሥሪያ ቤት ሲቀይር እኔ አልሰረዝኩ፣ አልጻፍኩ፤ ፕሮፋይሉ ተቀይሮ አገኘዋለሁ። ሌሎቹ ይህን ያህል አይታደሱም። አዲስ አበባ ያለ የግዢ ኃላፊ፣ የቢራ ፋብሪካ የግብርና ባለሙያ፣ የእርዳታ ድርጅት አስተባባሪ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ስፈልግ መጀመሪያ የማየው እዚያ ነው።

ፍለጋውም አይናቅም። ከግንኙነቶቻችሁ ውስጥ በመሥሪያ ቤት፣ በቦታ፣ በተማሩበት ትምህርት ቤት ማጥለል ይቻላል። ግን ሰውየው የሥራ ቦታውን ካልጻፈ ወይም ሁሉም «አዲስ አበባ» ብሎ ከሞላው ማጥለያው ባዶ ነው። እዚሁ ደብረ ብርሃን እየኖረ ፕሮፋይሉ ላይ አዲስ አበባ የሚል ብዙ ሰው አውቃለሁ።

ጉድለቱ የት ነው? ማስታወሻ የለውም። ድሮ እያንዳንዱ ሰው ላይ መለያ መለጠፍና ማስታወሻ መጻፍ ይቻል ነበር። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ከነጻው አገልግሎት አነሱት። አሁን ያ ነገር ያለው ለሽያጭ ሠራተኞች በሚሸጠው የሚከፈልበት አገልግሎት ውስጥ ነው። እሱ ደግሞ በዓለም አቀፍ ካርድ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ስለሆነ ለአብዛኞቻችን ዝግ በር ነው። ዋጋውም ለትንሽ ነጋዴ የሚያዋጣ አይደለም።

ክፍተቱን የምሞላው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው መልእክት መላክ ነው። ሰው ሪኩዌስቴን እንደተቀበለ አንድ መስመር እጽፍለታለሁ፦ «ደብረ ብርሃን ሥልጠና ላይ ስለ ማበጠሪያ ማሽን ያወራነው ነኝ።» ለእሱ ሰላምታ ነው፤ ለእኔ ማስታወሻ ነው። ከወራት በኋላ የመልእክት ሳጥኑ ላይ «ማበጠሪያ» ብዬ ስፈልግ ሰውየው ይመጣል። ሪኩዌስቱ ላይ ራሱ ማስታወሻ ማያያዝም ይቻላል፤ ነጻ አካውንት ላላቸው ግን በወር የሚፈቀደው ጥቂት ስለሆነ አልመካበትም።

ሁለተኛው መንገድ የጠፋውን ሰው ያገኘሁበት ነው። ሊንክዲን የግንኙነቶቻችሁን ዝርዝር በፋይል ይሰጣል። ኮምፒዩተር ላይ ሴቲንግ ትገባላችሁ፣ የዳታ ግላዊነት የሚለውን ትከፍታላችሁ፣ የዳታችሁን ቅጂ ትጠይቃላችሁ፣ ከሚመጣው ውስጥ ግንኙነቶች የሚለውን ብቻ ትመርጣላችሁ። ሲዘጋጅ በኢሜይል ያሳውቃችኋል። ፋይሉ ውስጥ ስም፣ የአባት ስም፣ የፕሮፋይል አድራሻ፣ መሥሪያ ቤት፣ የሥራ መደብ እና የተገናኛችሁበት ቀን አለ። ያ ቀን ወርቅ ነው። ሥልጠናው ከጥምቀት በኋላ እንደነበር አውቃለሁ። ጥምቀት በፈረንጅ አቆጣጠር ጥር 19 አካባቢ ነው። ፋይሉን በቀን ደረደርኩትና ወደዚያ ሳምንት ወረድኩ። በአንድ ቀን የተገናኘኋቸው አራት ሰዎች ወጡ። ሦስተኛው እሱ ነበር። ስሙን የጻፈው እኔ ባልሞከርኩት መንገድ ነው፤ «ኤች» ቀጥሎ ሁለት «ኤ»።

ፋይሉን ስትከፍቱ ሁለት ነገር ያጋጥማችኋል። ኢሜይል የሚለው ዓምድ አብዛኛው ባዶ ነው፤ ሰውየው ካልፈቀደ አይወርድም። ስልክ ቁጥርም የለውም። ደግሞም በአማርኛ የተጻፉ ስሞች ኤክሴል ላይ ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ጉግል ሺት ላይ ስትከፍቱት ይስተካከላል።

ስለ ግላዊነት፦ ካልዘጋችሁት በቀር የተገናኛችኋቸው ሰዎች የእናንተን ዝርዝር ማየት ይችላሉ። እንደ እኔ በማገናኘት ለሚኖር ሰው ይህ ጎተራን ከፍቶ እንደማደር ነው። ሴቲንግ ውስጥ ለራሳችሁ ብቻ እንዲታይ አድርጉት።

ቴሌግራም

እውነቱን ለመናገር የአካባቢያችን ሥራ የሚሠራው እዚህ ነው። የወረዳ ባለሙያው፣ የመኪና አሠሪው፣ የሆቴል ሥራ አስኪያጁ፣ ሥራ ፈላጊው ሁሉ ቴሌግራም አለው። ኔት ሲደክምም ከሌሎቹ ይልቅ ይሠራል።

ለማደራጀት ያለው ዋና መሣሪያ ፎልደር ነው። በነጻ 10 ፎልደር መክፈት ይቻላል፤ በአንዱ ውስጥ እስከ 100 ቻት ይገባል። አንድ ሰው ሁለት ፎልደር ውስጥ ሊገባ ይችላል። የእኔ አምስት ናቸው፦ ገዢ፣ ማኅበራት፣ መኪና፣ ባለሙያ፣ ቢሮ። መጀመሪያ በቦታ ከፋፍዬ ነበር፤ መንዝ፣ ሞረት፣ ተጉለት እያልኩ። አልሠራልኝም። መኪና ስፈልግ የሚያስጨንቀኝ መኪናው ነው፤ ሹፌሩ ከየት ይሁን ከየት ግድ የለኝም። በሥራ ከፋፍሉ።

ሁለተኛው መሣሪያ የሰውየውን ስም በራሳችሁ በኩል መቀየር ነው። እሱ አያየውም። እኛ አገር ደግሞ ይህ የቆየ ልማድ ነው። የስንቶቻችን ስልክ ውስጥ ነው «አለሙ አይሱዙ»፣ «ሙሉ ሽንኩርት»፣ «አበበ ቧንቧ» ያለው? አንዳንድ ሰው ያፍርበታል። እኔ ግን ከየትኛውም የኮምፒዩተር መለያ የተሻለ ነው እላለሁ። ቀመሬ ይህ ነው፦ ስም፣ ሥራ፣ ቦታ። «ሀይሉ ማበጠሪያ ደብረ ብርሃን።» ስሙን ብረሳ ሥራውን እጽፋለሁ፤ ሥራውን ብረሳ ቦታውን።

ሦስተኛው የተቀመጡ መልእክቶች የሚለው ነው፣ ከራሳችሁ ጋር የምታወሩበት ቻት። አዲስ ሰው ሳገኝ ኮንታክቱን ወደዚያ እልካለሁ፤ ሥሩ ላይ ማን እንዳገናኘንና ምን እንደተባባልን እጽፋለሁ፤ መጨረሻው ላይ #ገብስ ወይም #መኪና እላለሁ። የቢዝነስ ካርድ ፎቶም እዚያው ይገባል። ፎቶውን ብቻ ግን አትተዉት፤ ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ በፍለጋ አይመጣምና ስሙን ከሥሩ ጻፉ።

ድክመቱ አካውንቱ ነው። ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አካውንት በራሱ ይጠፋል። አንዳንዱም ራሱ ይሰርዘዋል። ያኔ ቻቱ ይቀራል፣ ባለቤቱ ግን «የተሰረዘ አካውንት» ይባላል። ቁጥሩን ደብቆ በመጠሪያ ስም ብቻ ያወራችሁ ሰው ከሆነ ደግሞ አበቃ። ስለዚህ ሥራ የጀመራችሁትን ሰው ቁጥሩን ጠይቁ፤ አታፍሩ። ኮምፒዩተር ላይ በሚጫነው ቴሌግራም ደግሞ ኮንታክቶቻችሁን ማውረድ ይቻላል፤ ከፍተኛ ቅንብሮች የሚለው ውስጥ ነው ያለው።

ፌስቡክ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ፌስቡክ እስከ 5,000 ጓደኛ ይፈቅዳል። ጓደኞችን በዝርዝር መክፈልም ይቻላል፦ የቅርብ ጓደኞች፣ የምናውቃቸው፣ የተገደቡ፣ ወይም በራሳችሁ ስም የሰየማችሁት። ይህ ግን የሚጠቅመው ማን ምን እንዲያይ ለመወሰን ነው። የልጃችሁ ልደት ፎቶ ለደንበኛ እንዳይታይ ማድረግ ትችላላችሁ። ሰውን ፈልጎ ለማግኘት ግን ደካማ ነው። ግማሹ ሰው በቅጽል ስም ነው ያለው፤ ፎቶውም የአበባ ወይም የመልአክ ነው። የሥራ ሰዎቻችሁን እዚያ ብቻ አታስቀምጡ።

ከውጭ ገዢ ጋር የምትሠሩ ከሆነ ዋትስአፕ ቢዝነስን እዩት። ነጻ ነው፣ እስከ 20 ባለቀለም መለያ ይሰጣል። ለሰሜን ሸዋ የውስጥ ሥራ ግን ሰዉ እዚያ ብዙ አይገኝም።

የስልክ ማውጫ ከጉግል ጋር

ማኅበራዊ ድረ ገጽ አይደለም፤ ግን ሳላነጻጽረው ባልፍ አጠፋ ነበር። ሁሉም ሰው ስልክ አለው። ኔት አይፈልግም። ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያና ወዲህ ስንጓዝ ኔት ቢጠፋም ማውጫው ይከፈታል።

ዋናው ነገር ቁጥሩ የት ነው የሚቀመጠው የሚለው ነው። አዲስ ቁጥር ስትመዘግቡ ስልኩ ሲም ላይ፣ ስልኩ ላይ ወይስ ጉግል ላይ ብሎ ይጠይቃል። ሲም የሚይዘው ስምና ቁጥር ብቻ ነው፤ ቦታውም ጠባብ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል። ጉግል ላይ ያለው አዲስ ስልክ ገዝታችሁ በኢሜይላችሁ ስትገቡ ይመለሳል። እስከ 25,000 ስም ይይዛል፤ መለያ መለጠፍ፣ ማስታወሻ መጻፍ፣ ድርጅቱን መሙላት ይቻላል። በስህተት ያጠፋችሁትንም እስከ 30 ቀን ድረስ መመለስ ትችላላችሁ። ይህ ሁሉ ታዲያ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ካወቃችሁ ነው። ስልክ ሲገዙ ሻጩ በከፈተላቸው ኢሜይል የሚጠቀሙ፣ የይለፍ ቃሉን ግን የማያውቁ ብዙ ናቸው። ዛሬውኑ አረጋግጡ።

ጉድለቱ አለመታደሱ ነው። ሰውየው ሥራ ቢቀይር፣ ቁጥር ቢቀይር ማውጫው አያውቅም።

በአጭሩ ሲታይ

| መስፈርት | ሊንክዲን | ቴሌግራም | ፌስቡክ | ማውጫ ከጉግል ጋር |
|---|---|---|---|---|
| ማን ይገኛል? | የድርጅት ሰው፣ ባለሙያ | ከባለቁልፍ ስልክ በቀር ሁሉም ማለት ይቻላል | ብዙ ሰው፣ ግን በቅጽል ስም | ሁሉም |
| ስም ቢረሳ | በመሥሪያ ቤት፣ በመልእክት፣ በቀን | በፎልደር፣ በሰጣችሁት ስም፣ በ# | ያስቸግራል | በሰጣችሁት ስም፣ በመለያ |
| መረጃው ይታደሳል? | አዎ፣ በራሱ በባለቤቱ | አይታደስም | አንዳንዴ | አይታደስም |
| ማውረድ | ይቻላል፣ ቁጥር ግን የለም | ከኮምፒዩተር | ይቻላል፣ ብዙ አይጠቅምም | ይቻላል፣ ከነቁጥሩ |
| ኔት ሲቆም | አይሠራም | የቆየው ይታያል | አይሠራም | ይሠራል |
| ለማደራጀት ክፍያ | ማስታወሻ ከፈለጉ ውድ | ነጻው ይበቃል | ነጻ | ነጻ |

ለማን የቱ ይሻላል?

ከዩኒቨርሲቲ ዘንድሮ ለምትመረቁ፦ ሊንክዲን ክፈቱ፣ ስማችሁንም ዲግሪያችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ። መምህራኖቻችሁንና ከእናንተ በፊት የተመረቁትን አሁኑኑ አግኟቸው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አያስታውሷችሁም። የሥራ ማስታወቂያ ቻናሎችን ቴሌግራም ላይ በአንድ ፎልደር አስገቡና ከሰው ለዩዋቸው። በግቢ ኢሜይል አትመዝገቡ።

ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ወይም ማሾ ለምትነግዱ፣ መኪና ለምታሠሩ፦ ሊንክዲን ይቅርባችሁ። ማውጫችሁን ወደ ጉግል አዛውሩ፣ ስም፣ ሥራ፣ ቦታ ብላችሁ ሰይሙ፣ ቴሌግራም ላይ ሦስት ወይም አራት ፎልደር ክፈቱ። አንድ እሁድ ከሰዓት ይበቃዋል። ወጪው የኔት ፓኬጅ ብቻ ነው።

በኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም በድርጅት ተቀጥራችሁ ለምትሠሩ፦ ሊንክዲን ዋናው ይሁን። ግን በግል ኢሜይላችሁ ተመዝገቡ። በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ከፍቶ ሥራ ሲለቅ መግባት ያቃተው ባልደረባ ነበረኝ፤ የዓመታት ሰዎቹ እዚያ ቀሩ። ፋይሉን በየሦስት ወሩ አውርዱ፤ ከእያንዳንዱ አሥር ሰው ቢያንስ የሁለቱን ስልክ ጠይቁ።

ሦስትና አራት ሆናችሁ አንድ ቢሮ ለምትሠሩ፦ የጋራ ጉግል ሺት ያስፈልጋችኋል። አምስት ዓምድ በቂ ነው፦ ስም፣ ሥራ፣ ቦታ፣ ስልክ፣ «በማን አገኘነው»። የመጨረሻውን አትዝለሉት። ሰው ጋ ስትደውሉ የሚከፍትላችሁ በር እሱ ነው፤ «እንትና ነው ቁጥርዎን የሰጠኝ» ሲባል ድምፁ ራሱ ይለወጣል።

በዶላር መክፈል የምትችሉና ኤክስፖርት ላይ ያላችሁ ብቻ የሚከፈልበትን ሊንክዲን ለአንድ ወር ሞክሩት። ከመቶ በታች ሰው የምትከታተሉ ከሆነ ግን ሺቱ ይበቃችኋል።

እኔ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። የድርጅት ሰው ሊንክዲን ላይ፣ የየቀን ሥራ ቴሌግራም ላይ፣ ሁሉም ቁጥር ጉግል ላይ። ባለቁልፍ ስልክ የያዙት የማኅበር ሊቀመናብርት ቁጥር ግን ጠንካራ ልባስ ባለው ደብተርም ላይ ተጽፏል፤ ከቁጥራቸው አጠገብ የልጃቸው ወይም የጎረቤታቸው ቁጥር አለ። መንዝ ላይ የአንዱ ስልክ ባትሪ ሲያልቅ የምደውለው እዚያኛው ላይ ነው።